ሁለት ወንድም፣ አንድ ድንኳን

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ እትዬ ጽጌ ያላስለቀሱት ሰው ካለ፣ ወይ ጆሮው አይሰማም ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው። እትዬ ጽጌ ሙሾ አውራጅ ናቸው። ሰው ሲሞት ድንኳን መሀል ቆመው ሟቹን በግጥም ያነሱታል። ምን ይሠራ እንደነበር፣ ማንን ይወድ እንደነበር፣ ምኑን ሳይጨርስ እንደሄደ ሲናገሩ፣ ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የኖረ ሰው እንኳ ደረቱን ይመታል። እኔ ሀቢባ ከግቢያቸው ፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ሙስሊም ነኝ፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ አይለቀስም። ቢሆንም እድራችን አንድ ነው፣ ደስታና ሐዘናችንም አልተለያየም። የእሳቸው ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ የምለካውን ጨርቅ ረስቼ የቆምሁበት ቀን ብዙ ነው።

ከድንኳን ውጭ ግን እንደ እትዬ ጽጌ የሚስቅ ሰው አላውቅም። ወጣትነታቸውን የጨረሱት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ውስጥ ነው። «ድምፄን ያወጣው ማሽኑ ነው» ይላሉ፤ «ከጎኔ ካለችው ጓደኛዬ ጋር ለማውራት ማሽኑን መብለጥ ነበረብኝ።» ባለቤታቸው ልጆቹ ሳይጠነክሩ ሞቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙሾ አፋቸውን የፈቱትም በባላቸው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ አላሳረፋቸውም። አንድ ሕግ ግን አላቸው። መሞቱ ላልተረጋገጠ ሰው አያለቅሱም። «በቁሙ ያለን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው» ይላሉ። ይህችን ሕግ ልብ በሉልኝ።

ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለክረምት፣ አንዱ ለበጋ የተወለደ ነው የሚመስለው። ታላቁ አምባቸው ሲፈጠርም ሽማግሌ ነበር። እናቱ ጡረታ በወጡበት ፋብሪካ ገብቶ በፈረቃ ይሠራል። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፣ ሲናገር ቃል ይቆጥባል፣ ሲስቅም አፉን በእጁ ይሸፍናል። ታናሹ ቴዎ ደግሞ ጫማውን የት እንዳወለቀ የማያውቅ ልጅ ነው። እንግዶችን በሞተር ጀልባ ወደ ደሴት ገዳማት ያደርስ ነበር። ማታ ማታ ክራሩን ይዞ ሠርግ ቤት ይዘፍናል፤ ጠዋት ደግሞ ከሱቄ ደጃፍ ቆሞ «እትዬ ሀቢባ፣ ዛሬ እንዴት አምሮብሻል!» እያለ ያሾፍብኛል። ወላሂ፣ ዓብደላ ባሌ እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ወንድማማቾቹ አንድ ክፍል ነበር የሚተኙት። አንዱ የሌላውን ልብስ ከመሬት እያነሳ፣ ሌላው የአንዱን ዝምታ በዘፈን እየሞላ ኖሩ።

ጦርነቱ መጣና ቴዎ እሄዳለሁ አለ። ጓደኞቹ ሲሄዱ እሱ ጀልባ ላይ ተቀምጦ መዝፈን አልቻለም። የሄደ ቀን ሱቄ ውስጥ ነበርሁ፤ ነገሩ የሆነው በግቢው በር ላይ ስለነበረ መስማት አልፈለግሁም ብል ውሸት ይሆናል። አምባቸው ወንድሙን ክንዱን ይዞ ለመነው፣ ተቆጣው፣ እንደገና ለመነው። በመጨረሻ የሚለው ነገር ሲያልቅበት «እንግዲያው ከዚህ ደጅ ከወጣህ ተመልሰህ እንዳትመጣ! እኔም ወንድም ነበረኝ አልልም» አለው። ቴዎ ደጁን አልፎ ወጣ። አምባቸውን ለምናውቅ ሰዎች ፍርሃት እንደነበር ገብቶናል። ለሚሄደው ሰው ግን ፍርሃትና ቁጣ ድምፃቸው አንድ ነው።

ጦርነቱ አለቀ ተባለ። የተመለሰ ተመለሰ፣ የአንዳንዱም መርዶ መጣ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማለዳ ደጅ ይመጣሉ። በዚያ ሰሞን ማለዳ ሦስት አራት ሽማግሌ አብሮ ሲሄድ ያየ ሁሉ «ወደ ማን ይሆን?» እያለ ቀልቡ ይገፈፍ ነበር። ወደ እትዬ ጽጌ የመጣ የለም። ቴዎም አልመጣም። ስልኩ ሲደወል ያቺ ሴትዮ ብቻ ናት የምትመልሰው፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም» ትላለች። እትዬ ጽጌ አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ሆነው ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው «ይችን ልጅ ማን አሳደጋት? እንዲህ ያለ ነገር ሳታፍር የምትናገር!» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ቀጥሎ ሁለታችንም አለቀስን።

መከራው ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አምባቸው ወንጌላዊት የምትባል ልጅ አጭቶ ነበር፤ ኮሌጅ ውስጥ የምትሠራ፣ ረጋ ያለች፣ እንደሱ ቃል የምትቆጥብ ልጅ። ሠርጋቸው በጦርነቱ ምክንያት እየተላለፈ ቆይቷል። ሽማግሌዎቹ እትዬ ጽጌን «እርሙን አውጡለትና ልጁን ዳሩት» አሏቸው። አስከሬን ሳይገኝ ሲቀር የሰውየው ልብስ ድንኳን ውስጥ ይዘረጋል፤ በልብሱ ላይ ይለቀሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ወደ ኑሮው ይመለሳል። እርም ማውጣት ይህ ነው። አምባቸውም አንገቱን ደፍቶ «እማዬ፣ እናውጣለት» አለ። እኔ እዚያው ነበርሁ። እትዬ ጽጌ የሁሉንም ፊት አዩና «ልብሱን አጥቤ አስቀምጨዋለሁ። መጥቶ ይለብሰዋል እንጂ አይለቀስበትም። አንዱ ልጄ በሌለበት ደግሞ ድንኳን አልተክልም፤ ለለቅሶም ለሠርግም አልተክልም» አሉ። በዚህ ተዘጋ። ልጅቱም ዝም፣ አምባቸውም ዝም፣ እናቲቱም በየድንኳኑ ለሰው ልጅ እያለቀሱ ለራሳቸው ልጅ ዝም። እንዲህ ያለ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ከፍቶ መዋል ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ብሥራት የመጣው ይኼኔ ነው። ብሥራት የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እዚህ ኮሌጅ ውስጥ ያስተምራል፣ ጸጉሩን አሳድጓል፣ ቁርሱን ሳይበላ ስለ ጥበብ ማውራት ይችላል። አንድ ሙዚቃዊ ድራማ ጽፎ ነበር፤ «ታላቅና ታናሽ» ይባላል። ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ታላቁ ቤት ጠባቂ ነው፣ ታናሹ ዘፋኝ ነው። ታናሹ ይዘምታል፣ መርዶው ይመጣል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ታላቁ በመጨረሻ በወንድሙ ክራር ይዘፍናል። ልጁ ስለ እትዬ ጽጌ ቤት ምንም አያውቅም ነበር፤ እንዲህ ያለ ታሪክ በዚያ ሰሞን በየቤቱ ሞልቷል። እትዬ ጽጌን አንድ ለቅሶ ላይ ሰምቷቸው ነው እናቲቱን ይሁኑልኝ ብሎ የመጣው።

«ታናሹን አልገድልም» አሉት።

«እማማ፣ እርስዎ አይደሉም የሚገድሉት፤ ድርሰቱ ነው።»

«እንግዲያው ታላቁን ግደለው።»

«ታላቁ ከሞተማ ድራማው ይፈርሳል!»

«ይፍረስ፤ ምን አገባኝ።»

በየቀኑ እየመጣ ለመናቸው። እኔም «እትዬ፣ ቤት ውስጥ ከሚብሰለሰሉ ወጣ ቢሉ ምን አለ?» አልኋቸው። በመጨረሻ ተስማሙ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው፤ ሙሾውን ሲያወርዱ ስም አይጠሩም። ስም ካልተጠራ ለማንም አይደለም፤ ሟርትም አይሆንም። ብሥራት ተስማማ። ያን ቀን «ይህን ጸጉራም ተገላገልሁት» ብለው ሳቁ።

የመርዶውን ትዕይንት የሚለማመዱት በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ነበር። አዳራሹ ግን በስብሰባ ተያዘ፤ አዳራሽ መቼም የሚሠራው ለስብሰባ ነው። ብሥራት ተዋንያኑን ሰብስቦ ወደ እትዬ ጽጌ ግቢ መጣ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሪ ላይ የጫኑትን የትያትር ድንኳን ግቢው ውስጥ ተከሉ። ወሩ ለክርስቲያኖቹ ሁዳዴ፣ ለእኛ ረመዳን ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ነው፤ ጾመኛ ደግሞ ለመደንገጥ ቅርብ ነው። እኔ ለአንዲት ደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ አወርድ ነበር።

መጀመሪያ ላይ እትዬ ጽጌ ቀስ ብለው ጀመሩ፤ ለልምምድ ያህል።

«ጀልባው ተመለሰ ሰው ጭኖ ሰው ጭኖ፣
የኔ ልጅ ምን ሆነ፣ ቀረሳ ምን ሆኖ።»

ጥሩ ነው አልሁ በልቤ፤ ስም የለበትም። ጨርቁን ዘረጋሁ።   ቀጥሎ የመጣው ድምፅ በየለቅሶው የማውቀው ድምፃቸው አልነበረም።

«ቴዎዬ ቴዎዬ ሐይቁን ያዘፈንኸው፣
ድምፅህን ለማን ነው አደራ የሰጠኸው።»

 ያን ሁሉ ወር አፍነው የያዙት በአንድ ጊዜ ወጣ። ሰው ሲያስመስልና ከልቡ ሲያለቅስ መለየት አያቅተኝም፤ ይህ ማስመሰል አልነበረም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ግቢው ሮጥሁ። ከእኔ ቀድመው የገቡም ነበሩ። እትዬ ጽጌ በድንኳኑ መሀል መሬት ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ስም ይጠራሉ፤ ዙሪያቸውን ጥቁር የለበሰ ሰው ቆሟል። ሌላ ምን ይባላል? በልምምዱ መሀል የእውነቱ መርዶ መጣ! እኔም ጮህሁ። ከኋላዬ ያለችውም ጮኸች። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጩኸቱን ሰምቶ ጥሩምባውን አነሳና ሰፈሩን ዞረው፦ «የወይዘሮ ጽጌ ልጅ አርፏል፤ ለቅሶ ድረሱ!»

ብሥራት በመሀላችን እየተሽሎከሎከ «ኧረ ልምምድ ነው! ልምምድ ነው ጎረቤቶች!» ይላል። እኔ ዘንድ ሲደርስ «በሰው መርዶ ትቀልዳለህ? አላህን አትፈራም?» ብዬ አንባረቅሁበት። ሁለት ሰዎች ደግፈው አስቀመጡት፤ «ድንጋጤ ነው፣ የሟቹ ጓደኛ ይሆናል» ብለው ውኃ ረጩበት። ምስኪን፣ ጸጉሩ ሁሉ ራሰ፤ ተዋንያኑም የእውነቱ መርዶ የደረሰ መስሏቸው አብረውን ያለቅሱ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አይደለም። እትዬ ጽጌ ቀና ሲሉ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጥሩምባው ይሰማል፣ ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆመዋል፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበር እየገባ ነው። እኛ የእሳቸውን ጩኸት ሰምተን መርዶ መጣ ብለን ገባን፤ እሳቸው ደግሞ የእኛን መምጣት አይተው መርዶ መጣ ብለው አመኑ። «አወቃችሁ አይደል? ደብቃችሁኝ ነበር አይደል?» አሉን። ማንም «ከማን ሰማችሁ?» ብሎ አልጠየቀም። ድንኳን ተተክሎ ማን እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠይቃል?

አምባቸው ከሌሊት ፈረቃው ሲመለስ ደጁ ላይ ሰው አየ። አንዱ ክንዱን ያዘውና «አይዞህ፣ ወንድምህ ነው» አለው። ያ ቃል ቆጣቢ ልጅ ከበሩ እስከ ድንኳኑ እየወደቀ ነው የገባው። ቆሞ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። «እኔ ነኝ ደጁን የዘጋሁበት! ና ማለት ሲገባኝ አትምጣ ያልሁት እኔ ነኝ! አፌን በቆረጠው!» እያለ ደረቱን ሲመታ እጁን መያዝ አቃተን። ወንጌላዊት ከጀርባው ተቀምጣ ታለቅሳለች። እናቱ አቅፈውት «ፈርተህ ነው፣ ልጄ፤ እኔ አውቃለሁ፣ ፈርተህ ነው» ይሉታል። ያን ሳይ ሐዘኑ እንዲህ እውነት ከሆነ ሞቱ ውሸት ሊሆን ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

ዓብደላ ባሌ ቁንዝላ ለሚኖረው ወንድሙ ለሙአዊያ ደወለ። ሙአዊያ ሐይቁ ማዶ እህል ይነግዳል፤ ከቁንዝላ ሰዎች ብዙዎቹ እትዬ ጽጌን ያውቋቸዋል፤ በየለቅሷቸው እየሄዱ ሙሾ አውርደውላቸዋል። ዓብደላ ወሬ ሲያወራ አያሳጥርም፣ የሚያስፈልገውን ሲያወራ ግን ያሳጥራል። «የሙሾ አውራጇ የወይዘሮ ጽጌ ልጅ ሞተ፤ ለሰዎቹ ንገርና ኑ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። የትኛው ልጅ እንደሆነ አልተናገረም፤ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነውና። ሙአዊያም ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ዳርቻ ላይ ቆሞ «ነገ ጠዋት ለለቅሶ ባሕር ዳር የሚሄድ ጀልባ አለ፤ የጽጌ ልጅ ሞቷል» ብሎ አስነገረ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ነገሩ መላላት ጀመረ። ብሥራት ጸጉሩን ወደ ኋላ አስሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ዓብደላን ወደ ጥግ ወስዶ አወራው። ዓብደላ ፊቱ ተለዋውጦ ወደ እድሩ ዳኛ ሄደ። ዳኛው ጥሩምባ ነፊውን ጠሩት፤ «ማን ነው የነገረህ?» ጥሩምባ ነፊው እኔን አሳየ። እኔ ከእኔ የቀደሙትን አሳየሁ። የቀደሙት ድንኳኑን አሳዩ። ድንኳኑ የማን ነው ሲባል ብሥራት እጁን አወጣ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መርዶ ያመጣ ሰው የለም! ትንፋሽ አገኘሁ፤ ግን ወዲያው ሌላ ጭንቀት መጣ። ልጄ ሞተ ብለው እርማቸውን ያወጡ እናት ዘንድ ሄዶ «ይቅርታ፣ አናውቅም፤ ሞቶም ይሁን ሳይሞት አናውቅም» የሚል ማን ነው? እንደገና ከዚያ ዝምታ ሊገቡ ነው። ሽማግሌዎቹ ለመርዶ ሲሽቀዳደሙ አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን ሁሉም ጫማውን ያይ ጀመር።

እዚህ ላይ ሳሉ የቁንዝላ ለቅሶ ደራሾች መጡ። ከሩቅ የመጣ ለቅሶ ደራሽ እንደ ወጉ ከመንገድ ጀምሮ እየጮኸ ነው የሚገባው። ከፊታቸው አንድ ጋቢ የተከናነበ ሰው ይሮጣል። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። «ወንድማለም! አምባቸው! ወንድማለም፣ አምባቸው!» እያለ ደረቱን በአንድ እጁ እየደቃ ወደ ግቢው ገባ።

እኔ ደሜ ፈላ። በዚያ ላይ ጾመኛ ነኝ። የሰው ለቅሶ ላይ መጥቶ የሟቹን ስም ያላጣራ ሰው! ከዚያም አልፎ በድንኳን ውስጥ በሕይወት የተቀመጠውን ልጅ ስሙን እየጠራ የሚያለቅስ! ይህስ ሟርት አይደለም? በሩ ላይ ቆምሁና ጋቢውን ያዝሁት።

«አንተ ሰው፣ ዝም በል! ታላቁ ደህና ነው፣ ያውልህ ተቀምጧል! የሞተው ታናሹ ነው፣ ቴዎ ነው!»

ሰውየው ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ።

«እኔ?» አለኝ።

ቴዎ ነበር። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ግን ቴዎ ነው። ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ ዓብደላ «ሱብሓነላህ ብለሽ ተቀመጥሽ» ይለኛል። እሱ በእኔ ላይ አሻግሮ ወደ ድንኳኑ ያያል። አምባቸው እንግዳ ለመቀበል ብድግ ብሎ ነበር፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አንዱ ለአንዱ ሲያለቅስ የነበረ ሁለት ወንድማማቾች ዓይን ለዓይን ተያዩ። የጽጌ ልጅ ሞተ ሲባል ቴዎ ራሱ አለመሞቱን ያውቃል፤ እንግዲህ የሞተው አምባቸው ነው። ሌላ ምን ያስብ? ከማዶ እስከዚህ ድረስ በጀልባ ላይ የወንድሙን ሞት ሲያለቅስ መጥቷል።

«ሞትህ አሉኝ» አለ ቴዎ።

«አንተ ነህ የሞትህ!» አለ አምባቸው፤ ተቆጣም መሰለኝ። ከዚያ ተቃቀፉ። ወንበር ተገለበጠ፤ ማን እንደገለበጠው አላውቅም።

እትዬ ጽጌ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ቴዎ ፊት ደረሱና በመጀመሪያ በጥፊ መቱት፤ ጥሩ አድርገው ነው የመቱት፣ እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ቀጥሎ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። ትከሻውን ዳሰሱ፣ ክንዱን ዳሰሱ፤ ወደ ቀኝ እጁ ሲደርሱ ባዶ እጅጌ ነው የያዙት። እጅጌውን ጨምድደው ያዙ፣ ሳሙት፣ አልለቀቁትም። «ይኼ ነው? ይኼን ነው የደበቅኸኝ?» አሉት። «ይኼን ነው እማዬ» አለ።

እልልታውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ እኔ ነኝ የሚሉም አሉ፣ አልክድም። በመርዶ ድንኳን ውስጥ እልል ተባለ። ነጠላ ያዘቀዘቀችው ሁሉ መልሳ ታስተካክላለች። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ይዞ ምን እንደሚነፋ ግራ ገብቶት ቆመ። ከለቅሶ ቤት ሲወጣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይባላል፤ ሰው ግን ምን ብሎ ይውጣ? ዓብደላ ነው ያዳነን። እትዬ ጽጌን እጅ ነሥቶ «እንኳን አልሞተ!» አላቸው። ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ እንደዚያ እያለ ወጣ። እኔ ከለቅሶ ቤት ልቤ እንዲህ ቀሎኝ ወጥቼ አላውቅም፤ አልሐምዱሊላህ።

ቴዎ ታሪኩን የነገረን በኋላ ነው። ሲቆስል ስልኩም ጠፋ። ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኛ። ሲወጣ በጎንደር በኩል መጥቶ፣ ቆላ ድባን አልፎ፣ ሐይቁን በምዕራብ ዞሮ ቁንዝላ ደረሰ። እዚያ ላይ እግሩ አልራመድ አለው። ጀልባ ይጠብቃል፣ ጭነት ይቆጥራል፣ ማታ ማታ ወደ ባሕር ዳር መብራት ያያል። «አምባቸው አላልሁህም እንዳይለኝ ፈርቼ ነው» አለን። «ደግሞስ በአንድ እጅ ጀልባም ክራርም አይሆንልኝም፤ ሊያገባ ነው አሉኝ፤ ሠርጉ ይለፍ፣ ከዚያ ይደርሳል አልሁ።»

«አንተ ደደብ!» አልሁት፤ እናቱን ማክበር እንኳ ረሳሁ። «ሠርጉ የቀረው አንተን ሲጠብቅ ነው!»

አምባቸው ይህን ሁሉ ሲሰማ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። አላልሁህም አላለም። እስካሁንም አላለም። ወደ ክፍላቸው ገባና እናታቸው አጥበው ያስቀመጡትን ሸሚዝ አውጥቶ ተኮሰው። ቀኝ እጅጌውን በጥንቃቄ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ አያያዘውና «ልበስ» አለው።

ከፋሲካ በኋላ አምባቸውና ወንጌላዊት ተጋቡ። ብሥራት ድንኳኑን ሊወስድ ሲመጣ እትዬ ጽጌ «አንዴ ከተተከለ ምን ያነሳዋል?» ብለው ከልክለውት ነበር፤ በዚያው ድንኳን ተደገሰ። ቴዎ ሚዜ ሆነ። ክራሩን ሌላ ሰው መታለት፣ እሱ ዘፈነ፤ ድምፁ ከበፊቱ ወፍሯል፣ እኔ የበለጠ ወደድሁት። እትዬ ጽጌ ልጃገረድ መስለው ሲደንሱ አመሹ። ከሰፈሩ ሰው ያልመጣ የለም፤ በስህተት ያለቀሰ ሁሉ ካሣ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

ድራማውስ? ድራማው ከዚያ በኋላ ቀረበ። እትዬ ጽጌ «ሁለተኛ አልቀልድም» ብለው እናትነቱን ለአንዲት ወጣት ተዋናይት ተዉላት። ለማየት ግን ሁላችንም ሄድን፤ እሳቸው በመተላለፊያው ዳር፣ እኔ ከጎናቸው፣ ልጆቹ ከእኔ ቀጥለው ተቀመጥን። እውነቱን ለመናገር ድራማው ረጅም ነው። ታላቁ ወንድም ይዘፍናል፣ ታናሹ ይመልሳል፤ ታናሹ ይዘፍናል፣ ታላቁ ይመልሳል። ዓብደላ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ መርዶው መጣ፤ ያቺ ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መድረኩ መሀል ወጣች፣ አፏን ከፈተች።

እትዬ ጽጌ ብድግ አሉ።

«ኧረ ተይ ልጄ! ማን አየው? ሲሞት ማን አየው?» ያ ከማሽን በላይ የሚሰማው ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። «ልጁ ቁንዝላ ነው ያለው! አታልቅሽበት፣ ሂዱና አምጡት!»

 ልጅቱ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ቀጥሎ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሰፈሩ ሳቀ፣ ሁሉም «አምጡት! አምጡት!» ይል ጀመር። ብሥራት ከመጋረጃው ጎን ብቅ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ታናሹን የሚጫወተው ልጅ ሥራዬ አለቀ ብሎ የራሱን ልብስ ለብሶ ነበር፤ ጩኸቱ ሲበረታ ስልኩን እንደያዘ ወደ መድረክ ወጣ። ታላቁን የሚጫወተው አየውና የሚለው ቢጠፋው አቀፈው። ሙዚቀኞቹ የሠርግ ዘፈን ጀመሩ። ድራማው ከዚያ በኋላ ብዙም አልታየም፤ ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ ሰው አላገኝም።

አዳራሹ ሲያጨበጭብ ወደ ልጆቹ ዞር አልሁ። ቴዎ ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ አምባቸው በቀኝ እጁ የወንድሙን መዳፍ ይመታል። ሁለቱም መድረኩን ነው የሚያዩት፣ እርስ በርስ አይተያዩም። ሰው ሁሉ ከጨረሰ በኋላም ትንሽ ቀጠሉ።